አትንኳት!

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሞጣ ስማር፣ «እኔን!» የምትለዋን ቃል ያህል የጠላሁት ነገር አልነበረም። ግራ እግሬን በሕፃንነቴ ልምሻ መትቶታል። በምርኩዝ እሄዳለሁ፤ ያለ ምርኩዝም ቀስ እያልኩ እሞክራለሁ፣ እወድቃለሁ። መውደቁ አያናድደኝም ነበር። የሚያናድደኝ ገና ጉልበቴ መሬት ሳይነካ ሰው ሁሉ «እኔን! ድፍት ያርገኝ!» እያለ ተንጋግቶ ብብቴን ይዞ ማንሣቱ ነው። አይፈረድባቸውም፤ በእኛ አገር ወድቆ ያየውን ሰው ዝም ብሎ የሚያልፍ ከሰው አይቆጠርም። እኔ ግን በራሴ መነሣት እንደምችል ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ያን ዓመት ዳይሬክተሩ «ስፖርት ያላለፈ ክፍል አያልፍም» አሉ። አባቴ የቢቸና ቄስ ናቸው፤ ይህን ሲሰሙ በፈተናው ዕለት በቅሎ ይዘው መጡ። «ካለፈች ትማር፤ ካላለፈች ቤቷ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፍተል» ብለው በቅሎዋን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ አሰሯት። ጥጥ መፍተል! ብዋሽ ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ እንዝርት ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።

የስፖርት አስተማሪያችን ከሐረር የተመደበ ወጣት ነው። በቁምጣ ገበያ መሐል ሲያልፍ ሴቶቹ በነጠላቸው ዓይናቸውን ይሸፍኑ ነበር። ዳይሬክተሩ «ዜሮ ስጣትና ተገላገል» ቢሉት እንቢ አለ።

«ሌላውን በሩጫ እመዝናለሁ። እሷን ደግሞ ባላት አካል ምን መሥራት እንደምትችል ነው የምመዝናት» አለ።

ፈተናውን ራሱ አወጣው። ያለ ምርኩዝ ከሰንደቅ ዓላማው ተነሥቼ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ኳስ ይዤ መመለስ አለብኝ። «መውደቅ ይቻላል። ራስሽ ከተነሣሽ ነጥብ አለው፤ ሰው ከነካሽ ግን ይሰረዛል» አለኝ።

መንገዱን ሳላጋምስ ወደቅሁ። የክፍሌ ልጃገረዶች «እኔን!» ብለው ግር አሉብኝ፤ አንዷ ቀሚሴን ታራግፋለች፣ አንዷ ታለቅሳለች።

«አትንኳት! ተሰረዘ!» ብሎ አስተማሪው ጮኸ።

እንደገና ጀመርኩ። አሁን ልጃገረዶቹ ዳይሬክተሩ ተቆጥተዋቸው ተቀምጠዋል። ባሕር ዛፉ ጋ ልደርስ ስል ወደቅሁ፤ መዳፌን መሬት ላይ ተክዬ ልነሣ ስል ከኋላዬ ሁለት ጠንካራ እጆች ብድግ አደረጉኝ። ወይ ጉድ! የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው።

«እኔን ልጄን! ምነው እንዲህ ያንገላቱሻል?» አሉ፣ አስተማሪውን እየገላመጡ።

ደሜ ፈላ። «ምን አገባዎት!» ብዬ ጮኽኩባቸው። እንደዚያ ያለ ድፍረት ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። «አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ በኋላ የለም» አሉ።

ሄድኩ፣ ኳሱን ይዤ ተመለስኩ። ሰንደቁ ጋ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ጉልበቴ ከዳኝና በግንባሬ ተደፋሁ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፤ ደሜን ቀመስኩት። ኳሱን ግን አልለቀቅሁም። ቀና ስል አባቴ፣ ጥምጥማቸው ላልቶ፣ ወደ እኔ እየሮጡ ነው።

«አባባ! እንዳይነኩኝ!»

አጠገቤ ደርሰው ቆሙ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ጥርቅም አድርገው ያዙት፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ከንፈራቸው «እኔን፣ እኔን» ይላል፤ ድምፅ ግን አይወጣቸውም። በጣም ፈራሁ። በአንድ ጣታቸው እንኳ ቢነኩኝ በቅሎዋ እየጠበቀችኝ ነው። ኳሱን ብብቴ ሥር ወሽቄ ደህናውን እግሬን አጠፍኩ፤ አንሸራተተኝ። እንደገና አጠፍኩ፣ መሬቱን በመዳፌ ገፋሁ፣ ቆምኩ። እየተንገዳገድኩ ሄጄ የሰንደቁን እንጨት ጨበጥኩ።

«አልፋለች!» አለ አስተማሪው።

ልጃገረዶቹ እልል አሉ። አባቴ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ እጃቸውንም አልለቀቁም። ፊታቸው በእንባ ርሶ፣ በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን ወደሚችለው ወደዚያ ባለ ቁምጣ ወጣት ዞሩ።

«መምህር» አሉት፣ «አሁን ልንካት?»