ስድስት ክር ወደ ቡልቡላ

ሌሎች ስደተኞች በጨለማ ነው የሚወጡት። እኛ ከካዛንቺስ የወጣነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ አይሱዙው ማታ የሌላ ቤተሰብ ዕቃ ስለነበረበት። እንደኛ በየኮንዶሚኒየሙ የተበተናችሁ የሰፈሬ ልጆች፣ ባሕር መቼ ተሻገርሽ ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። የተሻገርነው ቀለበት መንገዱን ነው፤ ተመልሶ የመጣ ግን አላየሁም።

«ቦሌ ደረሳችሁ!» አለን ዕጣውን ያነበበልን ሠራተኛ፣ ልክ ቪዛ እንደሰጠን። ቦሌነቱ ቦሌ ቡልቡላ ነው፤ አውሮፕላን ሲያልፍ ጎማው ይታየናል።

«ጎረቤታችንም አብረውን ይመደቡልን» አልኩት።

«የኔ እህት፣ ሲስተሙ ላይ ጎረቤት የሚል ቦታ የለም።»

«ቤተሰብ የሚልስ?»

«አለ።»

«እዚያ ላይ ጻፋቸዋ።»

ሳቀና ቀጣዩን ጠራ።

ጎረቤታችን ጋሽ ዘውዱ ናቸው፣ ድሮ በምሽት ክበብ ጊታር ይጫወቱ የነበሩ። በእኛና በእሳቸው መካከል የነበረው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በሠላሳ አራት ዓመቴ ማታ ትምህርት ገብቼ ጮክ ብዬ ሳነብ የሰሙኝ፣ በኋላም በውሰት ጊታር ስለማመድ ያረሙኝ በዚያው ግድግዳ በኩል ነው። ከተሳሳትኩ አንድ ጊዜ ያንኳኳሉ፤ ልክ ከሆንኩ ሁለቴ። ሁለቴ ካንኳኩ እኔ «ጋሼ ይምጡ፣ ራት ቀርቧል!» እላለሁ፤ እሳቸው «መጣሁ!» ይላሉ።

ወንድሜ ከዱባይ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው የኤሌክትሪክ ጊታር አመጣልኝ፤ አካሉ ለብቻ፣ አንገቱ ለብቻ፣ ሽቦው በላስቲክ ታስሮ፣ ከትንሽ አምፕሊፋየር ጋር። ጋሽ ዘውዱ አገላብጠው አዩትና «እኔ ሳልሰማው ጨረስኩ እንዳትዪ» አሉኝ። ጊታሩ ሳያልቅ ሰፈሩ አለቀ። እሳቸው ሰሚት ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ ጉልበታቸው ሦስት ታክሲ መቀያየር አይችልም።

እዚህ አገር እንደምን አደርሽ የሚባለው በቴሌግራም ነው። ሽሮሽ ቢያርር የሚጠራሽ የለም። እኔም የጊታሩን መመሪያ ወረቀት ደጋግሜ አንብቤ፣ በረንዳ ላይ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን የብሎክ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አጠገባችን ያሉት አቶ መስፍን መጡ።

«እዚህ ቤት የሚኖረው ሰው ነው አናጢ?»

«ጊታር እየሠራሁ ነው።»

«ጊታር ከሆነ ቀዳዳው የታለ?»

«የኤሌክትሪክ ነው።»

«በይ! ትናንት መብራት የጠፋው በአንቺ ነዋ!»

«ጋሼ፣ ገና ሽቦ እንኳ አልገባለትም።»

«ሲገባለትማ ቡልቡላን በሙሉ ሊያጨልም ነው» ብለው ሄዱ።

ሽቦውን በየድኩ፣ አንገቱን አሰርኩ። ፊቱ ላይ ከፈረሰው ቤታችን በር የነቀልኩትን የቤት ቁጥር ቆርቆሮ በብሎን መታሁበት። እማዬ አየችውና «ለቤቱ ያልሆነው ቁጥር ለጊታር ሊሆን ነው?» አለች። እኔ ግን የክሮቹን ቅኝት የሚለካው የስልኬ አፕሊኬሽን አረንጓዴ ቢያበራልኝም አላመንኩትም። ያልተንኳኳለት ጊታር ለእኔ አላለቀም።

ጋሽ ዘውዱ ጋ ደወልኩና ሳሎን ቁጭ ብዬ ተጫወትኩላቸው።

«ይሄ ጊታር ነው ወይስ ትንኝ?» አሉ። «በስልክ አይሆንም። እኔ አንቺን በግድግዳ ነው የማውቅሽ። ከግድግዳው ወዲያ ማነው ያለው?»

«አቶ መስፍን የሚባሉ ናቸው።»

«ስልኩን ስጫቸውና ግድግዳው ላይ ይለጥፉልኝ፤ እኔ ስላቸው ያንኳኩልኝ።»

አቶ መስፍን በፒጃማ ወጡ። ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ይሄ በደንቡ ውስጥ የለም» አሉ።

«ክልክል ነው?»

አሰቡ። «አልተጻፈም» ብለው ስልኩን ተቀበሉኝ።

ተመልሼ አምፕሊፋየሩን ሰካሁና ጀመርኩ። የብሎኬት ግድግዳው አንድ ጊዜ ድም አለ። ከዚያ የአቶ መስፍን ድምፅ፦ «ሦስተኛዋ ክር ዝቅ ብላለች ይላሉ! ደግሞ 'ቀስ ብለህ ምታ፣ በር ልትሰብር ነው?' እያሉ ይቆጡኛል!»

አጠበቅኩና እንደገና ተጫወትኩ። ጨርሼ ጠበቅሁ። እማዬ ወጡን ይዛ መሃል ሳሎን ቆመች።

ሁለት ጊዜ ተመታ። ከባድ እጅ ነው፣ የጋሽ ዘውዱ አይደለም፤ አፌ ግን ያንን አላጣራም።

«ጋሼ ይምጡ፣ ራት ቀርቧል!»

በራችን ተከፈተ። አቶ መስፍን ስልኬን ጆሯቸው ላይ እንደለጠፉ ቆመዋል።

«'መጣሁ በላት' ይላሉ» አሉኝ። ማዕዱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከሰሚት ነው እንዴ የሚመጡት?»