ለልጄ ደደብነት የመሰከርኩት

ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን ማበላሸት ነው ብዬ አምን ነበር። አሁንም ግማሹን አምናለሁ። ሌላውን ግማሽ ያጣሁት በደርግ ዘመን፣ ሐዋሳ ውስጥ፣ ወላጅ በሞላበት የትምህርት ቤት ክፍል መሃል ቆሜ ነው።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነበር። መናኸሪያ አጠገብ፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እሰፋለሁ። ሱቁ የሐጂ ነው። ሐጂ ከስልጤ አገር የመጡ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ጨርቅ ሲለኩ ለገዢው አንድ ጣት የሚጨምሩ ነጋዴ ናቸው። እኔ ደግሞ ከከምባታ የመጣሁ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ፣ አማርኛን በጆሮዬ፣ ፊደልን ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ የለቀምኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ተምሮ ያደገ ሰው ወይ ዝምተኛ ይሆናል ወይ መካሪ። እኔ መካሪ ሆንኩ። ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ስለ ትዕግሥት፣ ኮሌታ ለማስገልበጥ የመጣ ስለ መጠጥ ጉዳት ሳይሰማ ከበረንዳዬ አይወርድም ነበር። ደንበኞቼ ይህን የሚታገሡት ስፌቴ ጠንካራ ስለሆነ ነው። እኔ ግን ለምክሩ የሚመጡ ይመስለኝ ነበር።

ከመስከረም በፊት ወላጅ ሁሉ ልጁን እየጎተተ ዩኒፎርም ለማሰፋት ይመጣል። እኔ እለካለሁ፣ ወላጅ ያወራል። ወሬው ሁሌ አንድ ነው፤ ልጅን ማሳነስ። «ሰፋ አድርገህ ስፋለት፣ ይሄ እንደሆነ ክፍሉን ደግሞ ይለብሰዋል» ይላል አባት። ልጁ ግን ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ ነው የመጣው። የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ነው። ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስሰማ ስለኖርኩ ቋንቋውን አውቀዋለሁ። «ምንም አልሆነም» የተባለ ልጅ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ነው። «ድንጋይ ነው» የተባለ አንደኛ ነው። በእውነት የወደቀውን ልጅ እናቱ «ጤና ይስጠው» ብላ ታልፈዋለች።

ልጄ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሬ ሥር ትቀመጣለች። ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ቅርጹን በአሮጌ ጋዜጣ ላይ አወጣለሁ። አንድ ቀን የእጅጌውን ቁራጭ አንስታ ማንበብ ጀመረች። እጅጌ በመሆኑ ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ መሃላቸው ላይ በመቀስ ተቆርጠዋል። እሷ ግን አልቆመችም። የጎደለውን ከራሷ እየሞላች እስከ ክርኑ ወረደች። የቀረውን ጋዜጣ ከወለል ለቅሜ ባስተያየው የሳተችው ሁለት ቃል ብቻ ነው። ከሁለቱ በአንዱ ላይ የእሷ ይሻላል።

ምን አልኳት? «ወረቀቱን አታጨማድጂው» አልኳት።

ለሰው ስናገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ወላጆች ልጃቸውን አሳንሰው ሲጨርሱ በወጉ ተራው የእኔ ነው። «የአንተዋስ?» ይሉኛል። ሌላው ሰው «ድንጋይ» ካለ እኔ ከእሱ ማነስ የለብኝም። በትሕትና መበለጥ አልወድም። «የእኔዋ ደደብ ናት» እላለሁ፣ መርፌ አፌ ውስጥ ይዤ። «መብላትና መተኛት ነው የምታውቀው።» ይህን ስል ልጄ እግሬ ሥር ቁልፍ እየለቀመች ነው። ትሰማለች ብዬ አልተጨነቅኩም፤ ብትሰማም ለትሕትናዋ ይጠቅማታል አልኩ።

አንድ ያላሰብኩት ነገር ነበር። በሰፈሩ «ጴንጤው ልብስ ሰፊ» ነበር የምባለው። ጸሎት ቤታችን በተዘጋበት በዚያ ጊዜ ስሙ በሹክሹክታ የሚጠራ ቢሆንም አንድ ክብር ነበረው፤ «እሱ አይዋሽም» ይሉኝ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር። ስለዚህ ሌላ ሰው ልጄ ድንጋይ ናት ሲል ሰሚው ይስቃል። እኔ ስል ሰሚው ያዝናል።

መጀመሪያ ያዘኑት ሐጂ ናቸው። አንድ ማታ ሱቃቸውን ሲዘጉ አጠገቤ ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወንድሜ፣ የአላህ ሥራ ነው፣ አትዘን። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። ከነገ ጀምራ እየመጣች ታስጠናልሃለች።»

ምን ልበል? «የለም፣ ልጄ ጎበዝ ናት» ካልኩ ሁለት ጥፋት ነው፤ ጉራም ነው፣ እስከዛሬ ዋሽቻለሁ ማለትም ነው። ስለዚህ አመሰገንኳቸው። በነጋታው የሐጂ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ደግና ትዕግሥተኛ ልጅ ናት፤ ለልጄ ቀስ እያለች፣ እያንዳንዱን ቃል እየሰበረች፣ ለታመመ ሰው ሾርባ እንደሚያጎርሱ አድርጋ ታስረዳት ጀመር። ልጄም አንገቷን ደፍታ ትሰማታለች። ብዙ ሳይቆይ ግን መኪናዬን እየረገጥኩ ሳዳምጥ የስድስተኛ ክፍሉን የክፍልፋይ ሒሳብ የምትሠራው የእኔዋ፣ «እንዴት አደረግሽው?» የምትለው የሐጂ ልጅ ሆነች። ደስ አለኝ። ዝምም አልኩ። ሥራውን ሁሉ ትሕትና የሠራው መሰለኝ።

ግንቦት ላይ የልጄ መምህርት በረንዳዬ ድረስ መጣች። የሚሰፋ ልብስ አልያዘችም። «ልጅዎ ሦስተኛን ዘልላ አራተኛ እንድትገባ አስበን ነበር» አለችኝ። «አሁን ግን እጇን ማውጣት ትታለች። የጠየቅኳትን ሁሉ ወረቀት ላይ ትሠራዋለች፤ ተነሺ ስላት ግን ‹እኔ አልችልም› ትላለች። ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ?»

ቤት ውስጥ ምንም የለም አልኳት። የሆነው በረንዳው ላይ ስለነበረ ይህ ውሸት አልነበረም።

መምህርቷ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ጉዳዩ ለወላጆች ኮሚቴ ቀርቦ ነበር። ከአባላቱ ሁለቱ ደንበኞቼ ናቸው፤ አባቷ ራሱ ደደብ መሆኗን ነግሮናል፣ እሱ ደግሞ አይዋሽም ብለው ተከራክረዋል። ሦስተኛው የዳይሬክተሩን ሙሉ ልብስ ማን እንደሰፋው ጠይቋል። የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ በሙሉ ዋጋ እንጂ በጉቦ አይደለም። ግን በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ አንዴ ከተነሳ መልስ አይጠብቅም። ስለዚህ እሑድ በወላጆች ስብሰባ ላይ ቀርቤ በአፌ ካልተናገርኩ ነገሩ ይቀራል። ልጄም «አልችልም» እንዳለች ትቀራለች።

እሑድ ያለችኝን ኮት ለብሼ ሄድኩ። ልጄ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ከሐጂ ልጅ ጋር ተቀምጣለች። ሐጂ ከኋላ ናቸው። የኮሚቴው ሊቀመንበር ስለ አብዮቱ ፍሬዎች ረጅም ንግግር አደረገና እኔን ጠራኝ።

ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ ሥራ ክቡርነት ጀመርኩ። መርፌ ትንሽ ናት፣ ግን ካፖርት ትሰፋለች አልኩ። ከዚያ ወደ ትዕግሥት ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ።

«ጓድ፣ የተጠየቁት ስለ ልጅዎ ነው።»

«ደህና ናት» አልኩ።

ክፍሉ ሳቀ። ከመሃል አንዲት ደንበኛዬ ተነሳች። «ለእኔ ደደብ ናት ብለኸኝ የለ? ያኔ የሰጠሁህ ሱሪ እንኳ ገና አላለቀም።»

ሱሪው አለማለቁ እውነት ነበር። ሳቁ እስኪበርድ ቆምኩ። ሕይወቴን ሙሉ ሰው ፊት ቆሞ መናገር የማያቅተኝ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሁለት ቃል አልወጣ አለኝ። ልጄን አየኋት። ጫማዋን እያየች ነው፤ እንደ ተፈረደበት ሰው የሚመጣውን ትጠብቃለች። የምትጠብቀው የለመደችውን ነው።

«ልጄ ጎበዝ ናት» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ከእኔ ትበልጣለች።»

«እሱማ ማስረጃ አይሆንም» አለ አንዱ ከጥግ፤ ክፍሉ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። ልክ ነበር።

ሐጂ ከኋላ ተነሱ። እሳቸው ሲናገሩ ሰው ዝም ይላል። ልጃቸው ማስጠናት በጀመረች በሳምንቷ «አባባ፣ የምታስጠናኝ እሷ ናት» ብላ ነግራቸው እንደነበር ተናገሩ። «እኔም ልጄን ተቆጣኋት» አሉ። «አትዋሺ አልኳት። ይሄ ሰው ስለማይዋሽ ከእሱና ከልጄ እሱን አመንኩ።» ይህን ሲሉ ወደ እኔ አልተመለከቱም። ቢመለከቱ ይቀለኝ ነበር።

ኮሚቴው ተስማማ። አራተኛ ትግባ ተባለ። ስለ ዳይሬክተሩ ልብስ የጠየቀው ሰውም ለድጋፍ እጁን አወጣ። ስንወጣ ሐጂን ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድኩ፤ «ከእኔ በፊት ልጄን ጠይቃት» አሉኝ። ጠየቅኳት። አፍራ ሸሸች።

ከልጄ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ ባህል አዳራሹን ካለፍን በኋላ ቆም አለች።

«አባባ፣ የዋሸኸው ዛሬ ነው በፊት?»

«በፊት» አልኳት።

«እኔ አምኜህ ነበር እኮ።»

«ለምን አመንሽኝ? የምትችዪውን አንቺው ታውቂው የለ?»

«አንተ አትዋሽም ብዬ» አለች።

ስለ ትሕትና የማውቀው ምክር ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ሦስት ሙሉ ልብስ ከመስፋት ይከብዳል። «ጎበዝ ነሽ» አልኳት እንደገና፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እየሰማ። ወዲያው ዙሪያዬን ገልመጥ አልኩ፤ ልማድ ነው።

በነጋታው አንዲት እናት የልጇን ሸሚዝ ይዛ መጣች፤ «የእኔው ድንጋይ» ብላ ጀመረችና ተራዬን ጠበቀች። «የእኔዋ ጎበዝ ናት» አልኳት። ሴትዮዋ ትፍ ትፍ አለች፣ ሸሚዙን ይዛ ወደ ሌላ ልብስ ሰፊ ሄደች። «ጴንጤው ልብስ ሰፊ ጠገበ» ተባለ።

በአንድ እሑድ ግን ነገር አይስተካከልም። ልጄ አራተኛ ገብታም ብዙ ሳምንት እጇን አላወጣችም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጥታ «ዛሬ እጄን አወጣሁ» አለችኝ። ምን ብለሽ መለስሽ አልኳት።

«ተሳሳትኩ» አለች እየሳቀች፣ ከዚያም የተሳሳተውን መልስ ከነምክንያቱ ታስረዳኝ ጀመር። እኔ መኪናዬን አቆምኩና ሰማኋት።