«በራ» ጠብቆ ይነበባል

ገደፋውን ዳዊት ያስደገሙት የኔታ ገብረ ሕይወት ስለዚህ ተማሪያቸው ሲጠየቁ የሚሰጡት ምስክርነት አጭር ነበር። ድምፁ ለቅዳሴ ይበቃል፣ ልቡ ግን ለፊደልም አይበቃም ይላሉ። ስሙም አላገዘውም። በንባብ ቤት ስሕተት ግድፈት ይባላልና፣ ገደፋው በተሰናከለ ቁጥር ጓደኞቹ ስሙን እያከበረ ነው እያሉ ይሥቁበታል። ጠብቆ የሚነበበውን አላልቶ፣ ላልቶ የሚነበበውን አጥብቆ ሲያነብ ስንቱ ቅዱስ ያለ ኃጢአቱ ተሰደበ። በመጨረሻ የኔታ ራሳቸው መርቀው ሸኙት። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ መሸኘቱ ደስ ያሰኛቸው ይመስላል።

ፍኖተ ሰላም ገብቶ የቀን ሥራ ሲያሳድድ አብዮቱ ደረሰለት። የከተማው ቀበሌ ከላይ ድምፅ ማጉያ ተልኮለት ነበር፤ ድምፅ ግን አብሮ አልተላከለትም። ገደፋው ተጠርቶ ጎዳና ላይ ተሞከረና በዚያው ለፋፊ ሆነ። የጠፋ አህያ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የመንገድ ጠረጋ ዘመቻ፣ ሁሉንም በአንድ ዜማ ያወጣዋል። አህያዋ እንደ ታቦት ትጠራለች፣ ስብሰባው እንደ ቀብር። ሰዉ ወደደው። እሱም ራሱን ከሰዉ አብልጦ ወደደ።

በእነዚያ ዓመታት የከተማው ቆርቆሮ ሠሪዎች በገዛ ፈቃዳቸው፣ ማለትም እምቢ ማለት እንደማይቻል ከተነገራቸው በኋላ፣ «ንቃት» በሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ። ድሮ እያንዳንዱ በየደጁ ከአሮጌ ጣሳ ኩራዝ ይሠራል፣ ገዥው ይገዛል፣ በቃ። ከተደራጁ በኋላ ግን ኩራዙ ስም፣ ዓርማና መፈክር አስፈለገው። ሊቀመንበር ሆነው የተመደቡላቸው ጓድ ክንፈ ቆርቆሮ ቆርጠው አያውቁም፤ የተመደቡትም ለዚያ አልነበረም። ሙሉ ስማቸው ክንፈሚካኤል ነው። ዘመኑ ሲለወጥ ክንፉን አስቀርተው መልአኩን አሰናብተዋል።

የኩራዙንም ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው። በመሥራች ጉባኤው ላይ ተነሥተው፣ ሕዝባችን በፊውዳሉ ጨለማ ሲዳክር ኖሮ አሁን እነሆ በራለት፣ ስለዚህ ኩራዛችን «በራ» ይባላል አሉ። ተጨበጨበ። ጓድ ክንፈ ገና በጎልማሳነታቸው ፀጉራቸው ከግንባራቸው እስከ ማጅራታቸው ጥሏቸው ሄዶ ነበርና ከራሳቸው ላይ ቆብ አይለይም። በዚያ ጉባኤ ቀና ብሎ ቆባቸውን ያየ ሰው አልነበረም። ወይም ያየ ሁሉ ቶሎ ብሎ ወደ ጠረጴዛው አቀርቅሯል።

ስሙ በቀይ ቀለም በማኅበሩ ሱቅ ግንባር ላይ ተጻፈ። ፊደል ደግሞ ማጥበቅና ማላላት አያውቅም። አጥብቆ ላነበበው ብርሃን ነው፤ አላልቶ ላነበበው መላጣ ሰው። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ከቆላ የመጡ አንድ አዛውንት ቆመው፣ የበራው ሱቅ ይኸ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ አላልተው። የጠየቁት ደግሞ ጓድ ክንፈን ነበር። ጓድ ክንፈም ይኸው ነው ብለው አሳዩአቸው፤ ሌላ ምን ይበሉ። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ገበያው ሁሉ ኩራዙን በዚያው በላላው ስም ይጠራው ጀመር። ኩራዙም ክብና አናቱ የተወለወለ ነበርና ስሙ የሚመጥነው መሰለ።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ችግሩን በስሙ መጥራት ስለማይቻል «አላስፈላጊው ትርጉም» ተባለ። የማኅበሩ ጸሐፊ ባዬ ስሙን ብንቀይረውስ ለማለት ጀምሮ የሊቀመንበሩን ፊት ሲያይ ወደ ሳል ቀየረው። ጓድ ክንፈ ጉዳዩን በሰፊው ተነተኑት። አላልቶ መጥራት የላላ አቋም ምልክት ነው፣ የላላ አቋም ያለው ደግሞ ወላዋይ ነው፣ የወላዋይ መጨረሻው ይታወቃል አሉ። ስለዚህ ሕዝቡ ማጥበቅን ይማር ተብሎ ተወሰነ። የሚያስተምር ሰው ሲፈለግ ንባብ ቤት የዋለ፣ ድምፅ ያለው፣ ማጉያውም በእጁ ያለ አንድ ሰው ተገኘ።

ገደፋው «የንባብ አስተባባሪ» ተብሎ ካኪ ልብስ ተሰጠው። ያን ቀን ከማኅበሩ ግቢ ሲወጣ እግሩ መሬት የነካ አልመሰለውም። በልጅነቱ ስንቴ በአለንጋ የተገረፈበት ነገር እንጀራ ሊሆነው ነው። እንዲያው ለጥንቃቄ ያህል ግን የቃሉን ንባብ ከሊቅ አረጋግጦ እንዲመጣ ታዘዘ። ሳይታዘዝም መሄዱ አይቀርም ነበር፤ ካኪውን ለየኔታ ሳያሳይ እንዴት ያድራል።

የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ከተማሪዎቻቸው መሐል ተቀምጠው አገኛቸው። ጉልበታቸውን ስሞ የመጣበትን ነገራቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና ኩራዙን የሰየመው ማን እንደሆነ ጠየቁ።

«ጓድ ክንፈ ናቸው፣ የኔታ።»

«ክንፈሚካኤል? ባለ ቆቡ?»

«እሳቸው ናቸው።»

«እንግዲያ ሲላላም እሱን ነው፣ ሲጠብቅም እሱን ነው። ሁለቱ የሚለያዩት ፀሐይ እስኪያገኘው ድረስ ብቻ ነው» አሉ የኔታ። «ሌላ ስም ይፈልጉ በላቸው።»

ተማሪዎቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ገደፋው ምኑ እንዳሣቃቸው አልገባውም፤ የኔታ የሚሉት ድሮም አይገባውም ነበርና አልደነቀውም። በመንገድ ላይ ግን አሰበበት። ቄስ ስሙን ቀይሩ ብለዋል ብሎ ቢናገር ለየኔታም አይበጅ፣ ለካኪውም አይበጅ። ስለዚህ ቢሮ ሲደርስ፣ የኔታ ጠብቆ ነው ብለዋል አለ። መጥበቅን መቼም አንሥተዋል።

ትምህርቱ ተጀመረ። በየቀበሌው ስብሰባ፣ ሌላ አጀንዳ ከመነሣቱ በፊት፣ ገደፋው በማጉያው «በርራ» ይላል፣ ሕዝቡ ተከትሎ «በርራ» ይላል። አንዳንዱ ቶሎ ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲል ከሚገባው በላይ ያጠብቀው ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ከዚያ በፊት የቃሉን ሁለትነት ልብ ያላለው ሰው ሁሉ አሁን በትምህርቱ ልብ አለ። አጥብቁ ሲባል ብናላላስ ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል፤ ጎረቤቱም በጆሮው ይነግረዋል። ገደፋው ከማለፉ በፊት አንድ ሰፈር የሚሥቅበትን ቀልድ እሱ ካለፈ በኋላ አምስት ሰፈር ይሥቅበታል።

ወደ ቡሬም ተላከ፤ ኩራዝ በመኪና ተጭኖለት፣ ማጉያውን ይዞ። በርበሬ ተራው አጠገብ ቆሞ እንደ ልማዱ ሲያስተምር፣ ሲሳይነሽ የምትባል በርበሬ ነጋዴ አንዱን ኩራዝ አነሣችና ገልብጣ ገላልጣ አየችው።

«አያ፣ ይች በራ ቆብ የላትም?»

ገደፋው ስሙ ጠብቆ እንደሚነበብ በትዕግሥት አስረዳት።

«እሽ፣ ጠብቆ ይሁን። ቆቧስ?»

ክዳኑን ይሁን ሌላ ነገር የጠየቀችው ሊለይ አልቻለም። ዙሪያዋን የተቀመጡት ሴቶች አቀርቅረው ያነጥሱ ጀመር፤ በርበሬው ነው አሉ። እሱም በርበሬው ነው ብሎ አመነ። ሲመለስ የቡሬ ሕዝብ ለንባብ ከፍተኛ ፍላጎት አሳይቷል ሲል ለጓድ ክንፈ ነገራቸው። ቆብ የሚለውን ነገር ግን አላነሣም።

የማኅበሩ ምሥረታ በዓል የደረሰው በበጋ ነው። ሕዝቡ በጠዋት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተሰበሰበ። መድረክ ተሠራ፣ ከአውራጃው አንድ ከፍተኛ እንግዳ መጡ። መርሐ ግብሩ በጓድ ክንፈ የተዘጋጀ ነበር፤ መጀመሪያ ለተሰዉ ጓዶች የኅሊና ጸሎት፣ ወዲያው ገደፋው ኩራዙን ከፍ አድርጎ «ኩራዛችን» ሲል ሕዝቡ «በርራ» ይላል። ጓድ ክንፈ ይህን ሲያቅዱ ያልታሰባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በኅሊና ጸሎት ጊዜ ቆብ ይወልቃል።

ሁሉም ተነሣ። እንግዳው ቆባቸውን አወለቁ። በመድረኩ ላይ ያሉት ሁሉ አወለቁ። ጓድ ክንፈ ግራና ቀኝ ተመለከቱ፣ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ላኩ፣ መለሱት፣ እንደገና ላኩት። ወለቀ። ፀሐይዋ ልክ ከትምህርት ቤቱ ጣራ ብቅ ያለችበት ሰዓት ነበርና የሊቀመንበሩ ራስ ከሜዳው ጫፍ የቆመው ሰው ሳይቀር እጁን በዓይኑ ላይ እስኪጋርድ ድረስ አንጸባረቀ።

ገደፋው ይህን ሁሉ አላየም። ጸሎት ሲባል ዓይን መጨፈን ከየኔታ ዘንድ ተምሮ በቅጡ የያዘው አንድ ነገር ነበር። ጸሎቱ ማብቃቱ ሲነገር ዓይኑን ሳይገልጥ፣ የጓድ ክንፈም ቆብ ገና በእጃቸው ሳለ፣ ኩራዙን ከፍ አድርጎ «ኩራዛችን» አለ።

ሕዝቡ ለወራት ሠልጥኗል። ዓይኑን ከመድረኩ ላይ ሳይነቅል፣ በአንድ ድምፅ፣ አንድም ሰው ሳያላላ፣ «በርራ» አለ።

ገደፋው ያን ጊዜ ዓይኑን ገለጠ። ሕዝቡ የሚያየውን አየ። የየኔታ ነገር ከነሰምና ወርቁ ገባውና ኩራዙን ቀስ ብሎ አወረደው። በሕይወቱ ሙሉ አንድ ምሥጢር ሳይዘገይ ቢገባው ምን ነበረበት። ማንም አልሣቀም። ይልቅ ሥርዓት ያለው፣ ረጅም ጭብጨባ ተነሣ፤ ጭብጨባው ላለመሣቅ ይጠቅማል። እንግዳውም አጨበጨቡ፤ ወደ ጎን ዞረው ሊቀመንበሩን ሲያዩ ግን መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ያዙ።

ጓድ ክንፈ በማን ይፍረዱ። ሕዝቡ የታዘዘውን በታዘዘው መንገድ ጠርቷል። ስለዚህ የሂስና ግለ ሂስ መድረክ ተዘርግቶ ገደፋው ቀረበ። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ «ከተሰጠው መመሪያ በላይ አጥብቋል» በሚል ተስማሙ። እሱም ተነሥቶ ማጥበቄ እውነት ነው፣ ወደፊት በልኩ አጠብቃለሁ አለ። ካኪውን አስረክቦ መሠረተ ትምህርት ለማስተማር ወደ ሽንዲ እንዲሄድ ተወሰነበት። ኩራዙም «የሰፊው ሕዝብ ብርሃን» ተባለ። ባዬ እንዳወራው፣ በሳምንቱ የከተማው ልብስ ሰፊዎች ተወካይ ልከው፣ ብርሃኑ የኛ ከሆነ ለምን በቅናሽ አይሸጥልንም ብለዋል።

ሽንዲ ላይ ገደፋው ማጉያ አልነበረውም። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ድምፅ ልክ ለሰዎች ተናገረ፤ ዝግ ብሎ መናገር እንደሚችልም እዚያ አወቀ። ከተማሪዎቹ አንዷ ቻይነሽ ነበረች፤ ወላጆቿ ከአዊ የመጡ፣ አማርኛና አገውኛ እኩል የምትናገር፣ ባሏ የሞተባት፣ መሬቷን ራሷ የምታሳርስ ሴት። ከሁሉ በፊት ያስቸገረችው እሷ ናት። ሁለት ቃል አንድ ዓይነት ተጽፎ ስታይ፣ የቱ ጠብቆ የቱ ላልቶ እንደሆነ በምን ይታወቃል አለችው። ገደፋው ክፍሉ እስኪወጣ ጠብቆ፣ ይህ ጥያቄ ከፍኖተ ሰላም እንዴት እንዳባረረው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት።

ይህን የሰማ ሌላ ሰው ሁሉ ታሪኩ ጸሎቱ ላይ ሲደርስ ይሥቅ ነበር። ቻይነሽ አልሣቀችም። በአገውኛ ለራሷ የሆነ ነገር ብላ ጠየቀችው።

«ኩራዙስ? ያበራ ነበር?»

ገደፋው ያን ሁሉ ስብሰባ፣ ያን ሁሉ ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ ያልተለኮሰ ኩራዝ ተሸክሞ ሲዞር ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እሱም አልጠየቀም። አንድ ቀን ባዬ በማኅበሩ ሱቅ ውስጥ ሲለኩሰው ያየውን አስታወሰ፤ የፈትሉ ቀዳዳ ሲበዛ ሰፍቶ ነበር።

«ያጨስ ነበር» አላት።

እሷም ደብተሯን በመቀነቷ ሸጉጣ ተነሣች። ማግሥቱ ገበያ ነው፣ ለኩራዟ ላምባ ልትገዛ ትወጣለች። ሥራ ካልያዘው አብሯት ቢሄድ ደስ እንደሚላት ነገረችው። ምንም ሥራ አልያዘውም ነበር።