በቦርሳ የሄደው ጽዋ

እግዜር የለም ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጅሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በፋሲካ ቀን፣ ዶሮ ወጥ እየበላሁ ነው። እናቴ አልደነገጠችም። «ካልህ ይሁን፤ እንቁላሉ እንዳይቀዘቅዝብህ» አለችኝ። እንቁላሉን በላሁ። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ አምስት ፋሲካ አልፏል፤ አቋሜም ምግቤም አልተለወጠም።

ይህን ነገሬን የሚያውቁ፣ ድሮ ተማሪዎቼ የነበሩ አሁን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ልጆች ያፋጥጡኛል። «መምህር፣ እርስዎ አያምኑም። ታዲያ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ቀሐ ወንዝ ወርደው ምን ይሠራሉ?» ይላሉ። «እንደ ሰዉ ውኃ እንዲረጨኝ እጋፋለሁ» እላቸዋለሁ። ቀልድ ይመስላቸዋል። ዘንድሮ ውኃው ሳይደርሰኝ ቀርቶ ሦስት ቀን አኩርፌ ነበር።

ጾምም እጾማለሁ። ይኸኛው እንዲያውም ግዴታዬ ነው። አማኝ ጾም ቢገድፍ «ሰው ነው፣ ደክሞት ነው» ይባላል። እኔ በሑዳዴ አንዲት እንቁላል ብነካ ግን «ድሮስ ከሐዲ» ነው የምባለው። ስለዚህ ሰፈሩ ዓሣ ይበላል አይበላም እያለ ሲከራከር፣ እኔ ጥግ ይዤ ሽሮዬን እበላለሁ። ያላመነ ሰው ሥራው ብዙ ነው።

አሁን የማወራው ግን ስለ ጽዋው ነው።

እናቴ ከጎንደር ወጣ ብሎ ትክል ድንጋይ ከተማ አጠገብ ያለች የአንዲት መንደር ልጅ ነበረች፤ እዚያም የሚካኤል ማኅበር ነበራት። ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ ተራ የደረሰው ሰው ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ አባላቱን ይጋብዛል። ቄሱ ይባርካሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ባለተራ ይሰጣል፤ እሱም ቤቱ ወስዶ ተራው እስኪደርስ ያኖረዋል። አባል ሲሞት ደግሞ ልጁ ይወርሳል። እናቴ አልጋ የያዘች ጊዜ ጠርታ ውረስ አለችኝ። እኔ የመርሕ ሰው አይደለሁ? «እማ፣ እኔ እኮ አላምንም» አልኋት።

«እመን መቼ አልሁህ?» አለች። «ሂድ ነው ያልሁህ።»

ሄድሁ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሥራ ሁለት አባላት ነን፤ ከኔና ከአንድ የከተማ ሰው በቀር ሁሉም ገበሬዎች ናቸው። አያ መምህር ይሉኛል። አምናለሁ አላምንም ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። የሚጠይቁኝ ስለ ጉልበቴ ነው።

ማኅበራችን ሌላ ዘንድ ያልሰማሁት አንድ ሕግ አለው። ጽዋ ተሸካሚ ከባለተራው ደጅ ከወጣ ጀምሮ ራሱ ቤት እስኪያስገባው ድረስ ቃል አይተነፍስም። ጽዋው ከታቹ ጉንጭ የምትሞላ ጠላ ስለሚቀርበት አይዘምም፣ መሬት አይነካም፣ ለሌላ እጅም አይሰጥም። ተሸካሚው ከተናገረ ጽዋው ወደ ወጣበት ቤት ይመለሳል፤ የቤቱም ባለቤት እንደገና ይጠምቃል፣ እንደገና ይጋግራል። ሕጉን ማን እንዳወጣው ቄሱም አያውቁም። እኔ የምጠረጥረው ለፍላፊ ባል የነበራትን አንዲት ሴት ነው።

ከኔ በፊት ባለተራዋ የእናቴ ባልንጀራ የነበረች መበለት ናት። እመይ እላታለሁ። ሰማንያን አልፋለች፣ ወገቧ ጎብጧል፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ማኅበርተኛው ላግዝሽ ቢላት «የራሴን ተራ ራሴ እወጣዋለሁ» ትላለች እንጂ ሰው አታስጠጋም። ይህ ነገር የደረሰብኝ ጊዜም ውኃውን በትንሽ ጀሪካን ከምንጭ እያመላለሰች፣ ጌሾውን እየወቀጠች፣ እየተኛች እየተነሣች ወር ፈጅቶባት ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሥታ ጽዋውን አስረከበችኝ።

«አደራህን፣ አፍህን ያዝ» አለችኝ። «አንተ ደግሞ ለፍላፊ ነህ። ሁለተኛ ጥመቂ ካሉኝ እኔ ከጋኑ ጋር ነው የምወድቅ።»

«አልናገርም እመይ።»

«ኋላ እጠይቅሃለሁ።»

ይህቺን ነው የፈራሁ። አማኝ ቢዋሽ ንስሐ ይገባል። እኔ ብዋሽ የት እገባለሁ?

ማኅበርተኛው በእልልታ እስከ መኪና መሳፈሪያው ሸኘኝና ተመለሰ። ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጽዋ የያዘን ሰው አገር ያውቀዋል፤ መንገድ ይለቅለታል፣ አያናግረውም። እኔ ግን በጎንደር ከተማ ዝግመተ ለውጥ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። ያስተማርኋቸው ልጆች ገሚሱ ዳኛ፣ ገሚሱ ሐኪም ሆኖ ከተማውን ሞልቶታል። አንዱ ጽዋ ታቅፌ ቢያየኝስ? ስለዚህ ሸኚዎቼ ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ጽዋውን ከነጨርቁ ድሮ ደብተር የምይዝበት ቦርሳ ውስጥ ከተትሁና በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ታቀፍሁት። በየዓመቱ የማደርገው ይህንኑ ነው። በየዓመቱ ግን ያ የከተማ አባል አብሮኝ ይመለስ ስለነበር፣ ሰው ሲያናግረኝ እሱ ይመልስልኝ ነበር። ያን ዕለት ልጁን ሊድር ኮላ ድባ ሄዷል።

ሚኒባሱ ውስጥ ከገጠር ጤና ጣቢያ የምትመለስ ነርስ አጠገቤ ተቀመጠች። ደግ ሴት ናት። ደግ ባትሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

«አባቴ፣ ቦርሳውን ላስቀምጥልዎ?»

ራሴን ወዘወዝሁ።

«የት ነው የሚወርዱ?»

ዝም።

«አመምዎት?»

ወዘወዝሁ።

«ታዲያ ምነው አይናገሩም?»

ይህ በራስ ውዝዋዜ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ትከሻዬን ሰበቅሁ። ከኋላዬ አንድ ገበሬ «ተይው ልጄ፣ ሽማግሌው ዲዳ ነው መሰል» አለ። ተገላገልሁ ስል፣ ከጎኑ የተቀመጠች ሴት ነገር አበላሸች።

«የምን ዲዳ? ጠዋት አብሬው ነው የመጣሁ። ከጎንደር እስከዚህ ሲለፈልፍ ጆሮየን አደነቆረው።»

ነርሷ ዞር ብላ ፊቴን መረመረች። «ጠዋት ይናገር ነበር?»

«ይናገር ነበር ትያለሽ? ዝም የሚያሰኘው አጥተን።»

«እንግዲያው ስትሮክ ነው» አለች ነርሷ።

ተሳፋሪው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እኔም ላብ አጠመቀኝ፤ ላቡ ደግሞ ምልክት ሆኖ ተቆጠረብኝ። ሾፌሩ ማንንም ሳያወርድ ነዳው። ከኋላ ያቺው ሴት «ሚካኤል ይድረስልህ፣ ጠዋት የተናገርሁህን ይቅር በለኝ» እያለች ታለቅሳለች። ልቤ ራርቶ ላጽናናት ነበር፤ በምን አፌ።

አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ነገር ያበቃ ነበር። ከማኅበርተኛው አንድም ሰው አልነበረም፣ ማን ያየኛል? ሚካኤል እንዳልል፣ የሱን ነገር በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጨርሼዋለሁ። ዳሩ አፌን ልከፍት ባሰብሁ ቁጥር ያቺ የጎበጠች ሴት ጀሪካኗን ይዛ ዳገቱን ስትወጣ ትታየኛለች። አፌ ይገጥማል።

ሆስፒታል ስንደርስ በዊልቸር አስገቡኝ። ወጣቱ ሐኪም ጎንበስ ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከኔ ክፍል የወጣ ልጅ ነው። ቦርሳ የፈለግሁት እንዲህ ያለው እንዳያየኝ ነበር።

«መምህር» አለ በሐዘን። «እስኪ ፈገግ ይበሉልኝ።»

ፈገግ አልሁለት። በግራ በኩል ጥርስ የለኝም፤ ፈገግታዬ ከድሮም ወደ ቀኝ ያደላል። የሐኪሙ ፊት ጠቆረ።

«ሁለት እጅዎን ወደ ላይ ያንሡ።»

ቦርሳዬን አጥብቄ ያዝሁ።

«እሺ፣ ስምዎን ይንገሩኝ።»

ዝም።

ዕድሜ ልኬን ተማሪ ስጥል ኖሬ፣ በገዛ ተማሪዬ ፊት ሦስት ጥያቄ ከሦስቱም ወደቅሁ። ጭራሽ አፍንጫውን ወደ ደረቴ አስጠጋና «ጠላ ይሸታል» ብሎ አጻፈብኝ። ሁለት ሰዎች ቦርሳውን ሊወስዱ ያዙ። እኔ አልለቅም አልሁ። «ግራ መጋባትም አለው» አለ ሐኪሙ፤ ይህም ተጻፈ።

ልጄ እዚያው ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ማን እንደነገራት እንጃ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ እየሮጠች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። መጀመሪያ ፊቴን አየች፣ ቀጥሎ ቦርሳውን፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ። አሥራ ሁለት ነው። የቦርሳውን ዚፕ ትንሽ ከፈተችና ነጩን ጨርቅ ስታይ መልሳ ዘጋችው። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ታልቅስ ትሳቅ መለየት አልቻልሁም።

«አባቴ አልታመመም» አለችው ሐኪሙን። «ጽዋ ይዞ ነው። ቤት እስኪገባ አይናገርም።»

ሐኪሙ እኔንና ቦርሳውን ተራ በተራ አየ። የፈራሁት ሳቅ ነበር፤ አልሳቀም። «መምህር፣ ታዲያ ለምን በቦርሳ?» አለኝ። አፍ ቢኖረኝም የማልመልሰው ጥያቄ ነው።

ልጄ በኃላፊነት ፈርማ፣ ቤት ገብቶ ካልተናገረ በአሥር ደቂቃ እመልሰዋለሁ ብላ ባጃጅ ውስጥ አስገባችኝ። ጉዱ የመጣው ባጃጁ ውስጥ ነው። ልጄ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይመልስላት አባት አገኘች።

«አባዬ፣ የልቤን የምናገረው ዛሬ ነው» አለች። «ያንን ሬዲዮህን የሰበርሁት እኔ ነኝ። ድመቷ አይደለችም። ደግሞ ቀልድህን ሃያ ጊዜ ነው የምትደግመው፤ የምንስቀው እንድትጨርስ ብለን ነው። ደግሞ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ደንግጫለሁ።» ጓንቷን አወለቀችና «ለመሆኑ ስትሞት ይህን ነገር ለኔ ልታወርሰኝ ነው? እኔም እንዳንተ እንደማላምን ታውቃለህ» አለች።

ራሴን ከላይ ወደ ታች ነቀነቅሁ። ከዚያ በኋላ እሷም እስከ ቤት ዝም አለች።

ቤት ገባሁ፣ ጽዋውን ከናቴ ሣጥን ላይ አስቀመጥሁ፣ ጨርቁን አስተካከልሁ። «ድመቷን በከንቱ ነው ያባረርኋት» አልሁ። ልጄ ሰዓቷን አይታ ለሐኪሙ ደወለችለት።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ሲጮህ ነበር። አሥራ አራት ጊዜ፣ ሁሉም እመይ ናት። ደወልሁላት።

«ሃሎ፣ እመይ።»

ከወዲያ በኩል እልል ስትል ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። «ተናገርህ?» አለች።

«አሁን ቤት ገብቼ ነው። መንገድ ላይ ትንፍሽ አላልሁም። ሆስፒታል ወስደውኝ እንኳ አልተናገርሁም። አርፈሽ ተቀመጭ፣ ሁለተኛ መጥመቅ የለብሽም።»

«ምኑ የለብኝም? ያ ሾፌር ለጎረቤት ደውሎ የመምህሩ አፍ ተያዘ ቢል፣ ለሚካኤል ተስያለሁ። አፉን ፍታልኝ፣ አንድ ጋን ጠላ አስገባለሁ ብየ። ገብሱን ዘፍዝፌዋለሁ።»

ሬዲዮ የሰበረችው ልጄ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠግታ አፏን በእጇ ያዘች።

«እመይ፣ እኔ እኮ አልታመምሁም። ዝም ያልሁት አንቺ እንዳትጠምቂ ብዬ ነው።»

«አፍህ ተይዞ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ነበር፤ ግን እኔው ነኝ የያዝሁት።»

«አሁን ትናገራለህ ወይስ አትናገርም?»

«እናገራለሁ።»

«እንግዲያው ስለቴ ሠምሯል።»

ምክንያትና ውጤትን አርባ ዓመት በሰሌዳ ላይ ሳስረዳ ኖሬያለሁ። ለዚህች ሴት የሚሆን ምሳሌ ግን ፈልጌ አጣሁ። «እሺ፣ እኔ ልጥመቅልሽ» አልኋት ጨንቆኝ።

«አንተ? ጠላ ነው ያልሁ እንጂ መርዝ ነው አላልሁም።» ትንሽ አሰበች። «ውኃውን ግን ብትቀዳልኝ ሚካኤል አይቀየምም።»

ማንንም የማታስጠጋ ሴት እኔን አስጠጋች። ቅዳሜ ጠዋት ትክል ድንጋይ ወረድሁ። ልጄም «ጉልበትህን የሚይዝልህ ሰው ያስፈልግሃል» ብላ አብራኝ መጣች፤ እመይ ገና ሳትቀመጥ ጌሾና ዘነዘና አስያዘቻት። እኔ ሁለት ጀሪካን ይዤ ወደ ምንጩ ተላክሁ። ዳገቱ ያው ዳገት ነው፤ እሷ ግን በዚያ ወገቧ እንዴት እንደምትወጣው አልገባኝም። በሦስተኛው ምልልስ መሐል መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ ስተነፍስ፣ በሬ የሚነዳ አንድ ገበሬ ደረሰብኝ።

«አያ መምህር፣ ምነው? በዚህ ዕድሜ ውኃ ይቀዳል እንዴ?»

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳው አሰብሁ። ስለ ጽዋው፣ ስለ ቦርሳው፣ ስለ ነርሷ፣ ስለማላምነው ነገር ሁሉ። በሬዎቹም ቆመው ያዩኛል።

«ስለት አለብኝ» አልሁት።

«ሸጋ ነው፣ ይስመርልህ» አለና አንዱን ጀሪካን አንሥቶ ከፊት ከፊቴ ሄደ።