ባሕሩን ቅመሺልኝ

በቀደም አብራኝ የምትሠራ ነርስ ጉደር አንዲት ሻይ ቤት ወስዳ አስቀመጠችኝና ምክር ስጪኝ አለች። ለሥልጠና ወደ ዛንዚባር ልትሄድ ነው። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዚያው ዓይነት ሥልጠና እዚያው ደሴት ሄጄ ስለነበር፣ በጤና ጣቢያችን «ደሴቷ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ስሙን ያወጡልኝ የሚያስቅ መስሏቸው ነው፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። የምስቀው ግን ሁልጊዜ ደስ ብሎኝ አይደለም።

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ለመጻፍ ተዘጋጀች፤ እኔም የማውቀውን ዘረገፍኩላት። የቢጫ ወባ ካርድሽን ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው፣ ከፓስፖርትሽ ጋር በእጅሽ ያዢ። ታኮ ጫማ እርሺው፣ አሸዋው ይውጠዋል። «እኔ ጥቁር ነኝ፣ ፀሐይ ምን ታደርገኛለች» እንዳትይ፤ እኔ ብዬ አፍንጫዬ እንደ ተቀቀለ ድንች ተልጧል። ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ ያዢ፤ ዓሣውም ሩዙም በኮኮናት ስለሚሠራ ቶሎ ነው አፍሽ አገሩን የሚጠይቀው። አሮጌው ከተማ ስትገቢ ትከሻሽን ሸፍኚ። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፣ አይቆጡሽም፣ ግን ይከፋቸዋል። ባሕሩ ደግሞ እንደ ሐይቅ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ሄደሽ ብታጪው አትደንግጪ፣ ይመለሳል። የመመለሻውን ሰዓት የሆቴሉን ሠራተኞች ጠይቂያቸው።

«አውሮፕላን ማረፊያው እንደደረስሽ ደግሞ ሲም ካርድ ግዢ» አልኳት።

«ሆቴሉ ዋይፋይ የለውም እንዴ?»

«አለው። ግን ቤት ስትደውዪ…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ሻዬን ጠጣሁ። ልጅቷ «ሲም ካርድ» ብላ ጻፈች።

አባቴ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ ባለው መንገድ ላይ ከብትና እህል ሲያመላልስ ነው፤ አንዳንዴም ወደ ካቺሲ ይገነጠላል። አንድ ከተማ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምግብ ሳይሆን ውሃ ነበር። የቧንቧም ይሁን የምንጭ አንድ ብርጭቆ ይቀበልና አፉ ውስጥ ትንሽ አቆይቶ ፍርዱን ይሰጣል። የጌዶ ውሃ ቀዝቃዛ፣ ምንም የማይል። የካቺሲ አፈር አፈር የሚል። የእኛ የአምቦ ደግሞ አፍንጫ ድረስ ወጥቶ የሚቆነጥጥ። ውሃውን ያልቀመሰውን አገር አየሁ ብሎ አያወራም። ቴሌቪዥን ላይ ባሕር ሲያይ እንኳ ስለ መርከቡ ትቶ «እንዴት እንደሚል እንጃ» ነበር የሚለው።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ልቡ ደከመ። እግሩ ያብጣል፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ትራስ ደራርቦ ተደግፎ ነው የሚተኛው። ሐኪሙ ጨው ከለከለው። የቤቱ ነርስ እኔ በመሆኔ የጨው ዘበኛም እኔው ሆንኩ፤ ዕቃውን የማይደርስበት ቦታ ሰቀልኩት። እናቴ ልቧ እየራራ ቆንጠር አድርጋ ስትጨምርለት ያዝኳትና ተጣላን። እሱ ግን አይቆጣም። አንድ ጉርሻ ይጎርስና ወጡን አተኩሮ እያየ «ኢንተላ ኮ፣» ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ «ይሄ ወጥ ማንን ፈርቶ ነው እንዲህ ዝም ያለው?» እስቃለሁ፤ ጨውን ግን አልሰጠውም።

የሥልጠናው ደብዳቤ ሲመጣ አልሄድም አልኩ። አልጋው ላይ እንዳለ ጥዬው ልሄድ አልፈለግኩም፤ የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እኔ በሌለሁበት እንዳይሞት። እሱ ነው የከለከለኝ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነድቼ ነቀምቴ ነው የደረስኩት። አንቺ ባሕር ደርሰሽ መምጣት ስትችዪ፣ እኔን ልትጠብቂ ትቀሪያለሽ?» አለ። የመንገድ ምክሩንም ከዚያው ጀመረ። ጠግበሽ አትሳፈሪ። ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጪ። አውሮፕላን ነው እኮ ስለው፣ «እሱም ሹፌር አለው» አለኝ። እናቴ ደሴት ስላት ደሴ መስሏት «ደሴማ ብርድ ነው፣ ጋቢ ያዢ» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያም ለስንቄ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አዘጋጀችልኝ። ያ ቅቤ በደሴቱ ሙቀት ቀልጦ ልብሴን ሁሉ አበላሽቶታል፤ ለልጅቷ ይህንንም ነግሬያታለሁ።

በምሄድበት ጠዋት አባቴ እጄን ያዘ። «እኔ ጨው ተከልክያለሁ። አንቺ ባሕሩን ቅመሺልኝ። እንዴት እንደሚል ትነግሪኛለሽ።»

«ጨው ነው እኮ አባዬ፣ የታወቀ ነው።»

«ጨው ሁሉ አንድ ነው እንዴ?» አለኝ።

ደሴቱ ውብ ነው፣ አልዋሽም። ግን የገባሁ ዕለት ከሥልጠናው ወጥቼ ወደ ዳርቻው ብሮጥ ባሕሩ የለም። አረንጓዴ ጭቃና የተጋደሙ ጀልባዎች ብቻ ቀርተዋል፤ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከጭቃው ውስጥ የባሕር ሣር ይለቅማሉ። አንዱን የሆቴል ሠራተኛ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኩት። ይመጣል አለኝ። በማግስቱ ማለዳ ብነቃ እውነትም መጥቷል፤ መስኮቴ ሥር ይተነፍሳል። ቁርስ ሳልበላ ወረድኩ። እስከ ጉልበቴ ገባሁና በእፍኜ ዘግኜ አባቴ እንደሚያደርገው አፌ ውስጥ አቆየሁት። ከዚያ እየሳቅኩ ወጥቼ እጄ ሳይደርቅ ስልክ መታሁ።

የዚያን ሰሞን በእኛ በኩል ኔትወርክ ሲያሻው የሚመጣ ነበር። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ጠራ፣ አይነሳም። እንደገና ደወልኩ። በመጨረሻ ወንድሜ አነሳው።

ወንድሜን ማወቅ ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፣ አይዋሽም። አይዋሽም ስል እንደ ሰው አይደለም፤ የማይፈልገው ሰው በር ሲያንኳኳ እንኳ «የለም በሉት» አይልም፣ ወጥቶ «አለሁ፣ ግን አሁን ላናግርህ አልችልም» ይላል። በዚህ የተነሳ ስንት ሰው አስቀይሟል።

«አባዬስ?» አልኩት።

«አርፏል» አለኝ።

«እሰይ! ተመስገን!» አልኩ። ከመሄዴ በፊት ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሽ እያጠረው ሳይተኛ ያድር ስለነበር እንቅልፍ ወሰደው ማለት ለእኔ ትልቅ ወሬ ነው። «ይረፍ፣ እንዳትቀሰቅሱት። እማዬ ደግሞ ቁርስ ብላ እንዳታስነሳው።»

ከወንድሜ ኋላ የሰው ድምፅ የለም፤ ያ ቤት ደግሞ ያለ ድምፅ ውሎ አያውቅም። ይህን ያስተዋልኩት ግን ኋላ ነው። ያኔ ከእግሬ ሥር ሞገዱ እየጮኸ ነበር፣ እኔም እየጮህኩ ነበር የማወራው።

«ስማኝ፣ ስልኩን ጆሮው ጋ አድርግልኝ» አልኩት። «ቀስ ብለህ። ቢተኛም ይሰማል። ባሕሩን ቀምሼለታለሁ።»

ወንድሜ «እሺ» አለ። ኮሽኮሽታ ሰማሁ። ጠበቅኩና መናገር ጀመርኩ። አባዬ፣ ጨው ብቻ አይደለም፣ መጨረሻው ላይ ይመራል አልኩት። እንደ አምቦ ውሃ አይቆነጥጥም፣ ከንፈር ላይ ተለጥፎ ይቀራል። አንድ ጉንጭ እንኳ አትውጠውም፣ አንተም ብትሆን ትተፋዋለህ። ስመጣ ወጥህ ላይ ጨው አደርግልሃለሁ፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት። ይህን ሁሉ ብዬ ስጨርስ ወንድሜ ስልኩን መልሶ ወስዶ «ሰላም ግቢ» አለኝ። ድምፁ ጎርነን ብሎ ነበር፤ ጉንፋን መሰለኝ።

የቀሩትን ቀናት ተደሰትኩ። መቼም አልረሳውም፣ ተደሰትኩ። ጀልባ ተሳፈርኩ፣ ከሠልጣኞቹ ጋር ፎቶ ተነሳሁ፣ ፎቶዎቹንም ወደ ቤት ላክሁ። «ደስ ይላል» የሚል መልስ መጣልኝ፤ ከአክስቴ ስልክ። አክስቴ መልስ ጽፋ አታውቅም።

አዲስ አበባ ስደርስ አንዲት ሻንጣ ይዛ የመጣችን ሴት የተቀበላት ሰው ሲበዛ ሊገባኝ ይገባ ነበር። አጎቴ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ አንድ ሽማግሌ። መሽቷል፣ ሆለታ አክስትሽ ቤት እንደር አሉኝ። አባዬስ ስላቸው ሁሉም ወደ መንገዱ ያያሉ። አጎቴ «እዚያው ነው» አለ። እኔም ሲነጋ የጨው ዕቃውን አወርድለታለሁ እያልኩ ተኛሁ።

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተከፈተና ሽማግሌው፣ አጎቴና የአክስቴ ጎረቤት ሴቶች ገቡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሽማግሌው አፉን ከመክፈቱ በፊት ጮህኩ። መንገደኛን፣ ያውም ብቻውን በሰው አገር ያለን፣ በስልክ መርዶ አይነግሩትም። ወገን መሃል ገብቶ፣ የሚይዘው ክንድ ተዘጋጅቶ፣ ጠዋት ነው የሚረዳው። ይህ የእኛ ደንብ ነው። እኔም ራሴ በሰው ላይ ፈጽሜዋለሁ፤ ጅማ የምትማር የጎረቤት ልጅን «እናትሽ ትንሽ አሟት ነው፣ ነይ» ብዬ ያስመጣኋት እኔ ነኝ። ደግነት ነው ብዬ አምን ነበር። ዛሬ እንጃ። ቀብሩ ላይ አፈር አልበተንኩም፣ ፊቱን አላየሁም፣ የፈራሁት ደረሰ፣ እኔም በደረሰበት ቀን ባሕር ውስጥ እስቅ ነበር።

ለቅሶው ጋብ ካለ በኋላ ወንድሜን ከጓሮ አገኘሁት። አንገቱን ይዤ ላንቀው ነበር የሄድኩት።

«አንተ እኮ አትዋሽም» አልኩት።

«አኒ ሂን ሶብኔ» አለኝ። ሲጨንቀው ኦሮምኛው ነው የሚቀድመው። «አልዋሸሁም። አክስቴ ደህና ነው በላት አለች፣ እምቢ አልኩ። አርፏል ነው ያልኩሽ።»

እኔ ነርስ ነኝ። የሞተ ሰው ቤተሰብን ኮሪደር ላይ ጠርቼ፣ ትከሻቸውን ይዤ «አርፈዋል» ማለት ሥራዬ ነው። ቃሉን ስንት ጊዜ በአፌ ብዬዋለሁ፣ ስንት እናት ከሥሬ ወድቃለች። ለእኔ ሲነገረኝ ግን እንቅልፍ ብቻ ሰማሁ። ወንድሜ እውነቱን ነግሮኛል፣ የሰማሁት እኔ የፈለግኩትን ነው። የት ላድርሰው? ሞቶ ያደረውን ሰው «እንዳትቀሰቅሱት» ብዬ፣ እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ያንን ሰምታ፣ ማንን ልቆጣ?

ለልጅቷ ያንን ሁሉ ምክር ስሰጣት ይህንን አልነገርኳትም። ፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የወባ ትንኝ፣ ክፍት ጫማ አልኩ እንጂ «ቤት ደውለሽ አርፏል ካሉሽ ተኝቶ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ» አላልኳትም። እናቷ ጌዶ ናት፣ ደህና ናት። ለምን ላስፈራት? ደግሞስ ብትጠይቅ ማን ይነግራታል?

ሒሳብ ከፍለን ስንነሳ «ባሕሩ ግን እውነት ጨው ነው?» አለችኝ እየሳቀች።

«ራስሽ ቅመሺው» አልኳት።

የባሕሩን ጣዕም የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያን ቀን ጓሮ ውስጥ ወንድሜን የጠየቅኩት የመጨረሻ ነገርም ስለዚሁ ነበር። «ስልኩን እውነት ጆሮው ጋ አደረግከው?»

«አደረግሁት። እማዬ ናት ትራሱን ያቃናችልኝ።»

«እስክጨርስ ያዝክልኝ?»

«እስክትጨርሺ።»

ከዚያ ባልጠይቀው ይሻል የነበረውን ጠየቅኩት። «ጆሮው ገና ይሞቅ ነበር?»

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። እባክህ አንድ ጊዜ ብቻ ዋሸኝ ብዬ በልቤ ለመንኩት።

«አይሞቅም ነበር» አለኝ።