ያዘመመ ፊደል

ደባርቅ ላይ፣ ጎንደር መውጫ መንገድ ዳር፣ ትንሽ የማስታወቂያና የፎቶ ቤት አለችኝ። ባነር እሠራለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቲሸርት ላይ አትማለሁ። አንድ ቀን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር መጣ። ሩጫ የሚያሠለጥናቸው ስድስት ሴት ልጆች ነበሩት፤ ጎንደር ለውድድር ሊወስዳቸው ነው። ማሊያቸው ደረት ላይ «ደባርቅ» ተብሎ እንዲጻፍለት ፈለገ፤ ግን እንደ ውጪዎቹ ክለቦች ወፍራም፣ ጭራና ጌጥ የሌለው፣ ወደ ፊት ያዘመመ።

ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩት። ለእንግሊዝኛው እንዲህ ያለ ፎንት ኮምፒውተሬ ውስጥ ሞልቷል። ወፍራሙን የአማርኛ ፊደል ወስጄ ባጋድመው ግን የሚሮጥ ሳይሆን ሰክሮ ግድግዳ የተደገፈ ሰው መሰለ። መምህሩም አይቶ ፈገግ አለ። አፈርኩና ፊደሎቹን በእጄ እሥላቸዋለሁ አልኩት።

አራት ፊደል ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ባ ቶሎ ገባችልኝ፤ ረጅሙ እግሯ ወደ ኋላ ሲቀር መሬት የሚገፋ እግር ሆነ። ያስቸገረችኝ ቅ ናት፤ ባወፈርኳት ቁጥር ክቧ ይደፈናል፣ ሳሳሳት ደግሞ ከሌሎቹ ጋር አትሄድም። ባለቤቴ በዚህ ዕድሜህ ፊደል መቁጠር ጀመርክ ወይ እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ማሊያው ሲደርስ ልጆቹ ሊወስዱ መጡ። ፈጣኗ ከሰሜን ተራሮች፣ ከአምባራስ መንደር የመጣች ልጅ ነበረች፤ ለትምህርት ስትል ደባርቅ ቤት ተከራይታ የምትኖር። ማሊያውን ደረቷ ላይ ለክታ መስታወቱን አየችና «ቆሜም የምሮጥ እመስላለሁ» አለች። በሥራዬ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በውድድሩ ዋዜማ፣ ሊሄዱ በተነሱበት ጠዋት፣ በግጭት ምክንያት መንገድ ተዘግቷል ተባለ። ስድስቱም ማሊያቸውን እንደለበሱ እስከ ቀትር መናኸሪያ ተቀመጡ፤ ከዚያ መምህሩ ወደየቤታቸው መለሳቸው። በሁለተኛውም ውድድር እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛ አልተጠራም። ትምህርት ተቋረጠ፣ መምህሩ ወደ እናቱ አገር ሄደ፣ ልጆቹም ተበተኑ።

እኔ ሞኙ የቀሩትን ፊደሎች ማዘመም ጀምሬ ነበር፤ ነገ ከዳባትም የሚያሠራ ቡድን ይመጣል ብዬ። ማንም አልመጣም። አሁን የሚመጣልኝ ሥራ በአብዛኛው የሙት ዓመት ባነር ነው፤ ለእሱ ደግሞ ሰው የሚፈልገው ቀጥ ብሎ የቆመ ፊደል ነው። ስለዚህ ተውኩት።

ባለፈው ክረምት የአምባራሷ ልጅ መጣች። ለዓረብ አገር ጉዞ ጉርድ ፎቶ ፈልጋ ነው።

«ሩጫውስ?» አልኳት።

«ከማን ጋር ልሩጥ፣ ጋሼ?» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። «ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። አባቴም ታመዋል። ደላላው ሐሙስ ይወስደናል።»

አትሂጂ ልላት አፌ ድረስ መጣ። ግን ቅሪ ብዬ ምን እንደምሰጣት አጣሁ። ቀና በይ አልኳትና አነሳኋት።

ከወራት በኋላ መምህሩ ደወለ። እንዲያው በወሬ መሀል ስለ ልጅቷ ጠየቀኝ፤ መሄዷን አልሰማም፤ ልምምድ እንዳታቋርጥ አደራ ንገርልኝ አለ። ከሄደች ወዲህ ድምጿን የሰማ ሰው የለም። አባቷ እንኳ በሕመም አቅማቸው ገበያ በወጡ ቁጥር ጎራ ብለው የሰማኸው ነገር አለ ወይ ይሉኛል።

መምህሩን «ደህና ናት» አልኩት።