ባል ያላት መበለት

እንግሊዝኛ ያልገባው ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ። ይታይሽን የጎዳት ግን ስለገባት ነው።

ዘመኑ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ንፋስ መውጫ ስምንተኛ ክፍል ስንማር አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። እናቴ አክስቷ ስለሆነች ከስማዳ መጥታ እኛ ቤት ነበር የምትኖረው። ሃያ ዓመት ሞልቷታል፤ ያን ጊዜ ከወንዶቹም ጢም ያወጡ ስለነበሩ ዕድሜዋን ልብ ያለው የለም። ባል ያገባች መሆኗን ከክፍሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ገና በልጅነቷ ነው ዲያቆን ሥዩምን በቁርባን ያጋቧት። ዲያቆን ቄስ ለመሆን በቁርባን ማግባት አለበት፤ ቁርባን ደግሞ ሞት ካልለየው በቀር አይፈታም። ሥዩም የድጓ ዜማ ላስመሰክር ብሎ እዚያው ጋይንት ወዳለው ቤተ ልሔም ሄደ፣ ከዚያም ሳይነግራት ገዳም ገብቶ መነኮሰ። ሲመነኩስ እንደ ሥርዓቱ አጋደሙት፣ እንደ አስከሬን ሸፈኑት፣ የሙታን ፍትሐት ደገሙለት። ለዓለም ሞተ ማለት ነው። ወሬው አገር ቤት ሲደርስ እናቱ እትየ ደጊቱ ለቅሶ ተቀመጡ፤ ጎረቤቱ ግን "ነፍስ ይማር" ይበል "እንኳን ደስ አለዎት" ይበል ጨነቀው።

በይታይሽ ላይ ደግሞ በሁለት በኩል ቆለፉባት። ላግባ ብትል ባለባል ናት፤ ከባሌ መሬት ድርሻዬን ስጡኝ ብትል ባሏ ሙቷል፣ ሙት ደግሞ መሬት የለውም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እኛ ቤት የመጣችው ተምራ ከዚህ ልትወጣ ነበር። ወጣች ለማለትም ጥቂት ነበር የቀረው። በዚያ ዓመት ጎንደር ለነርስነት የምትማር አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤታችን እንድትላክ ተጠየቀ፤ ያላገባች መሆን አለባት። ከሴቶቹ በትምህርት የሚደርስባት ስላልነበረ ይታይሽ ተመረጠች። እናቴ በደስታ ጠላ ጠመቀች።

ልትሄድ ጥቂት ሲቀራት ህንዳዊው መምህራችን ሚስተር ቶማስ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ የእንግሊዝኛ አነጋገሮችን ያስተምረን ጀመር። የሚጮህ ዝምታ፣ ደስ የሚል ሕመም፣ ሕያው ሙት እያለ ሰሌዳውን ሞላው። የገባን የለም። ቻላቸው የሚባል ልጅ ብድግ ብሎ፣ "ይኼ እኮ ውሸት ነው። አንድ ሰው ወይ ሞቷል ወይ አለ" አለ። ሚስተር ቶማስ ሳቀ። ይህ የአነጋገር ጌጥ ነው እንጂ እውነት አይደለም፤ ሕያው ሙት የሚባል ሰው በምድር ላይ የለም አለን።

ይታይሽ እጇን አወጣች። ቀሚሷን ይዤ እስክጎትት ድረስ አፏ ቀድሞኝ ነበር።

"አለ። ባሌ ነው" አለች፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም ያለ ስሕተት።

ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

በማግስቱ ዳይሬክተራችን አቶ አስማረ አስጠሯት። ደግ ሰው ናቸው፣ የጋይንት ልጅ ስለሆኑም ነገሩ ወዲያው ገብቷቸዋል። "እኔስ ገባኝ" አሏት፤ "ጎንደር ላለው ሹም ግን ምን ብዬ ላስረዳው? ሰውየው ይምጣና በሽማግሌ ፊት ባሏ አይደለሁም ይበል። ያን ጊዜ እልክሻለሁ።"

ገዳሙ ስማዳ ውስጥ ከወገዳ ወዲያ፣ ወደ በሽሎ ወንዝ በሚወርደው ቆላ ነው። አብሬያት ወረድሁ። ሴት ከበሩ አታልፍም፤ ወይራ ሥር ተቀምጠን አስጠራነው። አባ ገብረ ኪዳን ተብሎ፣ ቆብ ደፍቶ፣ መሬት መሬት እያየ መጣ።

"አባ" አለችው፣ "አንድ ቃል ነው የምለምንዎት። ንፋስ መውጫ ይምጡና ባሏ አይደለሁም ይበሉልኝ።"

"እኅቴ፣ ሙት ሸንጎ አይቆምም። ሥዩም ሞቷል፤ ፍትሐቱም ተደግሞለታል።"

"እንግዲያውስ ሞቷል፣ መበለት ናት ይበሉልኝ። ያም ይበቃኛል።"

"እሱንም አልል። እስትንፋሴ ሳለች ቁርባናችን አይፈርስም። እኔ ባፈርሰው፣ ነገ ሌላ ብታገቢ ኃጢአቱ በኔ ነው።"

"ባል መች ፈለግሁ? ልማር ነው እኮ የምለው!"

"እጸልይልሻለሁ።"

ይታይሽ ብድግ አለች። አንቱታውንም እዚያው ተወችው።

"ሥዩም፣ ለእናትህ ሞትህ፣ ለአገሩ ሞትህ፣ ለዓለሙ ሁሉ ሞትህ። በሕይወት ያለኸው እኔን ለመያዝ ብቻ ነው።"

መቁጠሪያውን የያዘው እጁ ቆመ። ዞሮ ወደ ውስጥ ገባ።

ጎንደር ሌላ ልጅ ሄደች። ይታይሽ እናቴ ቤት ቀረች፤ ጠላ ትሸጣለች፣ የሰው ልጅ ታሳድጋለች። ለትዳር የሚጠይቋት ወንዶች አልጠፉም፤ የነፍስ አባቷ ግን "ባልሽ አለ" ይሏታል፤ እሷም የሳቸውን ቃል መሻር አልቻለችም።

ከስድስት ዓመት በኋላ ሥዩም በወባ ሞተ፤ አሁንስ የእውነቱን። አቶ አስማረ ሊያጽናኗት መጡና ከጎኗ ተቀመጡ። ለነርስ ትምህርቱ ዕድሜዋ እንዳለፈ እሳቸውም ያውቃሉ። እንዲያም ሆኖ፣ "ይታይሽ፣ እንግዲህ የሚይዝሽ የለም፤ መውጣት ትችያለሽ" አሏት።

ቀና ብላ አየቻቸው።

"ወዴት?" አለች።